ማር የተቀባ አሳ ለአዘቦት ማታ እራት፦ ከሰቆጣ የቀረበ የመስክ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በሩቅ አገር ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ሳልመን የሚባለውን አሳ ማር፣ ሶያ ሶስና ነጭ ሽንኩርት ቀብቶ፣ 200 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆይቶ ይበላል። ድርጊቱ «ፈጣን እራት» ይባላል። ይህ ጥናት ድርጊቱ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሰቆጣ ሊፈጸም ይችል እንደሆነ፣ ከተፈጸመም ማን ሊበላው ፈቃደኛ እንደሚሆን ለማጣራት ተካሂዷል። «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚል አስተያየት ከጎረቤት ቀርቦ ነበር፤ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ታልፏል።

የቀደሙ ሥራዎች ቅኝት

ከባሕር ወገን የመጣ ነገር መብላት ለሰቆጣ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። አሞሌው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር በረሃ ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሰቆጣ ይወጣ ነበር። ጨው ይህን ሁሉ ዳገት ሲወጣ አሳ አብሮት ለመምጣት ያሳየው ፍላጎት የለም። ከዚያ ወዲህ ሰርዲን በቆርቆሮ ታሽጎ መጥቷል። ቱናም ተከትሎታል። ሳልመን ግን ቀርቷል።

የሳልመን የመምጫ አማራጮች

ሳልመን ጊዜው ሲደርስ ባሕሩን ትቶ፣ እንቁላሉን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ አሳ ነው። ይህ ጠባዩ ለጥናቱ ተስፋ ሰጥቷል። ምክንያቱም ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በዋግ ጠርዝ የሚያልፈው ተከዜ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ፣ አትባራም ከዓባይ፣ ዓባይም ከሜዲትራንያን ይገናኛል። በወረቀት ላይ ከኖርዌይ እስከ ዋግ ውሃው አይቋረጥም።

ችግሩ ግንባታ ነው። አሳው በጅብራልታር ገብቶ ግብፅ እንደደረሰ በፈረንጆች 1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ ሱዳን ላይ የመረዌ ግድብ አለ። አትባራን ይዞ ሲወጣ የካሽም አል ጊርባ ግድብ ያገኘዋል። እነዚህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ መጨረሻው ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ሆኖ ቆሟል። ጎበዝ ሳልመን በአንድ ዝላይ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ይነሣል። ስለዚህ ከ50 ጊዜ በላይ መዝለል ይኖርበታል፤ ያውም በኮንክሪት ላይ፣ መቆናጠጫ ሳይኖረው። በዚያ ላይ አሳው ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ሱዳን ላይ ግማሽ በስሎ የመድረስ ስጋት አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ በአውሮፕላን እስከ ቦሌ፣ ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ነው። ይህ አማራጭ በረዶና ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለቱም በጥናቱ በጀት አልተያዙም።

የናሙና አመራረጥ

በዚህ ምክንያት ሳልመኑ በሌላ አሳ እንዲተካ ተደርጓል። የተከዜ ግድብ ሳልመኑን ቢከለክልም ሌላ በር ከፍቷል፦ ከኋላው የተኛው ሐይቅ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ዋግን ያዋስናል። ትናንት ፍየል ይጠብቅ የነበረ ወጣትም ዛሬ ጀልባ ላይ መረብ ይጥላል።

ከሐይቁ ሁለት ዕጩዎች ቀርበዋል። አምባዛ ሥጋው ብዙ፣ እሾሁ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ብሉ ስለሚልና አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በማጣሪያው ወድቋል። ሁለቱንም የሚያሟላው ቆሮሶ አልፏል። ሳልመንም ቅርፊት አለው፤ ስለዚህ ከሰቆጣ የቀረው በሥርዓት ጉድለት አይደለም።

የቀን አመራረጥ

እራቱ የአዘቦት ማታ መሆን አለበት። ይሁንና በሰቆጣ የአዘቦት ቀን በጅምላ አይታይም፤ ጾምና ፍስክ ተብሎ ይለያል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዕድሜ ጠገብ ነው። አንዱ «ሥጋ አይደለም» ይላል፤ ሌላው «ነፍስ ያለው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ክርክሩን እያዳመጠ ይበላል።

በፍስክ ቀን ደግሞ አሳን የሚከለክል ሕግ የለም። የሚከለክለው ፍየል ነው። የአበርገሌ ፍየል ባለበት አገር በፍስክ ቀን አሳ የሚያበስል ሰው ወይ ሐኪም አዞታል፣ ወይ ጥናት ላይ ነው። እንግዲህ አሳ በጾም ቀን ተከሳሽ፣ በፍስክ ቀን ተሸናፊ ነው። ጥናቱ ማክሰኞን የመረጠው ከክስ ሽንፈት ይሻላል በሚል ነው።

የአሠራር ሂደት

ቆሮሶው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ግራና ቀኝ ጎኑ በቢላ ተተለተለ። ትልታሉ ውስጥ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገባ፤ ሎሚ ተጨመቀበት። ሶያ ሶስ ባለመገኘቱ በጠጅ የተለወሰ አዋዜ ተተካ። ኦቨን ስለሌለ ከሰል ተያያዘ።

ማሩ የዋግ ነጭ ማር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ በአበባ ከተሸፈነ በኋላ የሚቆረጠው። በአገሩ ልማድ ለእንግዳ፣ ለጠጅና ለመድኃኒት ይቀመጣል። የማሩ ባልዲ ሲከፈት እንግድነት የመጡት አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ማሩን ምን ልታደርገው ነው?»

«አሳው ላይ ልቀባው ነው፣ እማማ።»

የተተለተለውን ጎኑን አዩት። «ምነው፣ ቆስሎ ነው?»

ጥያቄው ከሕክምና አንጻር እንከን አይወጣለትም። ማር ለቁስል መቀባቱ የታወቀ ነው፤ ቁስሉም በዓይን ይታያል።

ቆሮሶ ስስ ስለሆነ በጋለ ዘይት አንዱ ጎን አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ማሩ ከአዋዜው ጋር ተመትቶ የሚቀባው ግን በመጨረሻው ደቂቃ፣ መጥበሻው ከእሳቱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ በኋላ ነው። የማር ስኳር 110 ዲግሪ ገደማ ላይ መጥቆር ይጀምራል፤ የመጥበሻ ዘይት ደግሞ ከዚያ እጅግ አልፎ የሄደ ነው። ማሩን ቀድሞ የቀባ ሰው ከሰሉን ከሁለቱም ወገን ያገኘዋል። በጊዜው ሲቀባ ግን አረፋ ያወጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ የአሳው ፊት እንደተወለወለ ጫማ ያበራል።

ውጤት

አሳው በእንጀራ ቀረበ። ሁለት ያልተጠበቁ ክስተቶች ተመዝግበዋል። አንደኛ፣ እሾህ የሚለቅመው ጣትና እንጀራ የሚቆርሰው ጣት አንድ በመሆናቸው፣ ማሩም ሁሉንም በማያያዙ፣ ተመጋቢ፣ እሾህና እንጀራ ለአፍታ ሳይለያዩ ቀርተዋል። ሁለተኛ፣ የጎረቤት ድመት ከግምገማው በፊት ደርሳ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳትጠራ የመጣች ብቸኛዋ ባለድርሻ አካል እሷ ናት።

አማቴ ከጎኑ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ጥቂት አሰቡ። «ማሩ ጥሩ ነው» አሉ። አሳውን በተመለከተ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ከዚያም «እሳቱ ከሚባክን» ብለው ተነሡ፤ ሽንኩርት ከትፈው አቁላሉ፣ ውሃ ጣል አድርገው ሽሮ በተኑበት። የቀሩት ተመጋቢዎች ጣታቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ሽሮው ተንተክትኮ ቀረበ። ሁሉም በላ። የዕለቱ ፈጣን እራት የትኛው እንደነበር በድምፅ መወሰን አላስፈለገም።

ትንታኔ

ሽሮ እንዴት ቀደመ? ከፍታው አያግዘውም። ሰቆጣ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሽሮ ሰባት ዲግሪ ጎድሎት ነው የሚበስለው፤ ዘይት ግን ከፍታ አይገደውም። በፊዚክስ ሕግ አሳው ማሸነፍ ነበረበት።

መልሱ ያለው ከምድጃው በፊት ነው። ሽምብራውና አተሩ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተበጥሮ ነበር። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማውና ነጭ አዝሙዱ ተሰጥቶ፣ ዶሮ ሲባረርለት ውሎ፣ ወፍጮ ቤት ሄዶ፣ ተነፍቶ ነበር። አንድ ወር ገደማ ያለቀው ያኔ ነው። የማክሰኞ ማታው የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ብቻ ናት።

የሳልመኑም ምስጢር ይኸው ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሳልመን አብዛኛው በባሕር ላይ በረት የተቀለበ ነው፤ ከእንቁላል እስከ ገበያ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። የሥጋው መልክ እንኳ ሳይቀር ከመኖው ጋር በሚሰጥ ቀለም ይጠበቃል። ሌላ ሰው አርዶ፣ እሾሁን ነቅሎ፣ ፊሌቶ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ አሽጎታል። ባለቤቱ ማር ቀባውና «እራት ሠራሁ» አለ።

ስለዚህ ፈጣን እራት ማለት አዝጋሚው ሥራ በሌላ ሰው እጅ አስቀድሞ ያለቀለት እራት ነው። ቆሮሶው የዘገየው ቅርፊቱን የፋቀ፣ ሆዱን የጠረገ፣ እሾሁን የነቀለ ሰው ከአጥኚው በፊት ስላልነበረ ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ

አንደኛ፣ የተከዜ ቆሮሶ እዚያው ሐይቁ ዳር ፊሌቶ ወጥቶለት፣ በረዶ ተደርጎበት ቢመጣ፣ የሰቆጣ ሰው ማክሰኞን ለአሳ ስለመስጠት ቢያንስ ውይይት ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ማሩ ለእንግዳ ይቀመጥ። አሳ እንግዳ ነው የሚል ወገን ካለ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ሦስተኛ፣ የማንኛውም ፈጣን እራት ጊዜ ከመጥበሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው እጅ ይቆጠር። ሽሮ የፈጨችውን ሴት ድካም ሳይጽፍ «15 ደቂቃ» ብሎ የሚጽፍ የምግብ አሠራር የተሟላ መረጃ እንዳላቀረበ ይቆጠራል። በታረመው ስሌት ሦስት ዓመት በረት የቆየውና አንድ ወር ፀሐይ የመታው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሽሮ ከሳልመን በሁለት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ይፈጥናል።