ውዳሴ ሰኔ

ከአሥራ ሦስቱ ወራት መካከል እንደ ሰኔ ያለ ክቡር ወር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አልተፈጠረም፤ ይኸውም ክረምቱ ስለሚገባበት ወይም የሐዋርያት ጾም ስለሚጾምበት ሳይሆን፥ በጀት ዓመቱ በ30ኛው ቀን ከመዘጋቱ አስቀድሞ ሠራተኛው ሁሉ ኢፊሸንሲ የተባለውን የሥራ ምዘና ቅጽ የሚሞላበት ስለሆነ ነው። እኔም ለአንዲት ማኅተም ከመጋቢት ጀምሮ ደጅ የጠናሁበት መሥሪያ ቤት በመስኮቱ ላይ «ምዘና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ለጥፎ ስላገኘሁት፥ ተቈጥቼ ከመመለስ ይልቅ ውዳሴ ልደርስለት ቈረጥሁ።

ዓመቱን ሙሉ ካልረፈደ በወንበሩ የማይገኘው ሰው በሰኔ ከጥበቃው ቀድሞ በር ላይ ይቆማል፤ አለቃውን ሲያይ ከወገቡ ይሰበራል፤ ባዶ ፋይል በብብቱ ሸጉጦ ኮሪደሩን በጥድፊያ ሲያቋርጥ ለተመለከተው አገር በእርሱ ትከሻ የቆመች ትመስላለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ተአምር ግን የቃለ ጉባኤው ነው። አንድ ለአምስት የተባለው የሠራተኞች ቡድን በየሳምንቱ ተወያይቶ እንዲመዘግብ ታዝዟልና፥ አንድ ቀን ስንኳ ሳይሰበሰብ የከረመው ማኅበር በሰኔ አንዲት ምሽት ቡና አስፈልቶ ይቀመጥና፥ መስከረምን በሰማያዊ እስክሪብቶ፥ ጥቅምትን በጥቁር፥ ኅዳርን ደግሞ ቀለሙ ሊነጥፍ በተቃረበው እየጻፈ ዓመቱን ይደርሰዋል። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ፤ እነዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ዐርፈው በአንዲት ሌሊት ፈጠሩ። ከእጄ የገባ አንድ መዝገብ፥ አምስቱም አባላት ጥር 11 ቀን፥ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር በሚመለሱበት ሰዓት፥ በቢሮ ተገኝተው «የተገልጋይን እርካታ ስለ ማሳደግ» እንደ መከሩና በሙሉ ድምፅ እንደ ወሰኑ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለው ጽድቅ ያለ መታሰቢያ ሊቀር ስለማይገባ፥ ለየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ስንክሳር ተጽፎ፥ ተገልጋዩ ሰልፍ ይዞ በቆመበት በየማለዳው እንዲነበብ አሳስባለሁ። ነገር ግን ከጥቂቶች በቀር ሠራተኛው ሁሉ ከመቶ 98 ስለሚያገኝ የወሩ 30 ቀናት ለመታሰቢያው አይበቁም፤ ስለዚህ ጳጉሜን እስከ መቶ ቀን ማራዘም ግድ ይሆናል፤ ጳጉሜን ደግሞ ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ናትና ሙግት ይነሣል፤ ሙግቱ ኮሚቴ ይወልዳል፤ ኮሚቴውም የውሎ አበሉን ተቀብሎ፥ ጉዳዩን ለሚመጣው ዓመት አሳድሮ፥ በሰኔ ይመዘናል፤ እርሱም 98 ያገኛል።

ሠራተኛው ራሱን እንዲመዝንበት በተተወለት ዓምድ ስላሳየው ትሕትና ብዙ አልናገርም፤ መቶ ከመቶ መስጠት ትዕቢት ቢመስለው ሁለቷን ለአምላኩ ትቶለታል።

ካፕላንና ኖርተን የተባሉት አሜሪካውያን ይህ ምዘና የቆመበትን፥ ቢ.ኤስ.ሲ. የተባለውን ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ ሐሳብ በ1984 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፥ ድርጅት በገንዘብ ብቻ እንዳይለካ፥ ደንበኛው በምን ዐይን እንደሚያየውም እንዲጠየቅ ነበር። እኛ ሚዛኑን ተቀብለን ደንበኛውን ከደጅ አስቀረነው።

ይህ የሰኔ ምዘና ማታለል ነው። አለቃውም ያውቃል፤ እርሱ ራሱ በበላዩ ዘንድ የሚመዘነው በበታቾቹ ነጥብ ስለሆነ ዝም ብሎ ይፈርማል። ዓመቱን ሙሉ ባለጉዳይ ስታስተናግድ ማስረጃ ለማጠናቀር ጊዜ ያጣችው ሠራተኛ 82 ይሰጣትና፥ የደረጃ ዕድገቱን ባለ ሦስት ቀለሙ ደራሲ ይወስደዋል።

የበላይ ኃላፊዎች ሆይ፥ ቅጹን ለአንድ ዓመት ብቻ ከመስኮቱ ውጭ ለቆመው ሰው ስጡት፤ እስክሪብቶ እኛው ይዘን እንመጣለን።