ስፒናችና ነጥቧ

ምንጭ ስትመርጥ «የታወቀ መጽሔት ላይ ከወጣ ይበቃል» ይባላል። እንግዲያው ስፒናችን እንይ። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቴሬንስ ሃምብሊን የተባሉ የደም ሐኪም፣ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ፣ ስፒናች በብረት የከበረችው አንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ ቦታዋን ስታ መጠኑን አሥር እጥፍ ስላደረገችው ነው ብለው ጻፉ። ምንጭ አልጠቀሱም። ምሁራን ግን ወሬውን ተቀባበሉት፤ ያውም «ሳታጣራ አትጻፍ» ለሚል ተግሣጽ ምሳሌ አድርገው! በ2014 ኖርዌያዊው ኦሌ ብየርን ሬክዳል ጥቅሱን ወደ ኋላ ቢከተሉት፣ የነጥቧ ታሪክ ራሱ መሠረት የለውም።

«ተማሪ ይህን ሁሉ መቼ ሊበረብር?» ይባል ይሆናል። ሁሉን አይችልም፤ እውነት ነው። አንድ የግርጌ ማስታወሻ ከፍቶ ማየት ግን ያን ያህል አያደክምም። ሳያነቡት የጠቀሱት መጽሐፍ አሉባልታ ነው፤ ልዩነቱ የገጽ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው።