ዛሬ የለም

ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው ተባልን። ካማኩራና ኤኖሺማ። ባሕሩ አለ፣ ቤተ መቅደሱ አለ፣ ፉጂ ተራራ ከውሃው ማዶ ይታያል፣ ዓሣው ከጀልባ በወረደበት ቀን ሳህን ላይ ይቀርባል። ሁሉም አለ። ለሥልጠና የመጣነውም፣ ለትምህርት የቀረነውም፣ በሥራ የከረምነውም ቅዳሜ ጠብቀን ሄድን። ያልተነገረን፣ ሁሉም ያለው እኛ ባልሄድንበት ቀን መሆኑን ነው።

ፉጂን እናስቀድመው፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ሆኩሳይ የተባለው ሠዓሊ ይህንኑ ዳርቻ ከነተራራው ሥሎታል። ዛሬም ተራራው ፎጣው ላይ አለ፣ የብስኩቱ ካርቶን ላይ አለ፣ ጣቢያው ግድግዳ ላይ አለ። ሰማዩ ላይ ግን ደመና ነው። ጥርስ በሚያንቀጫቅጨው ብርዳቸው ወቅት ጥርት ብሎ ይታያል። እኛ የምንሄደው ሲሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ እሱ የለም።

ከዚያ ባቡሯ አለች። ከፉጂሳዋ እስከ ካማኩራ 10 ኪሎ ሜትር፣ 15 ጣቢያ፣ ሐዲዱ ነጠላ። መስመሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ያኔ ዓለም ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሳፈርበት እንደሚመጣ ማን ጠረጠረ? አንድ ቦታ ላይ ከመኪና ጋር አስፋልት ተጋርታ ትሄዳለች፤ ሌላ ቦታ ከሰው ጓሮ አጥር ጋር ልትነካካ ምንም አይቀራት። ባቡር ጨምሩ እንዳይባል ሐዲዱ አንድ ነው። ሐዲድ ጨምሩ እንዳይባል ግራና ቀኙ የሰው ቤት ነው። ስለዚህ ከፊት የሚመጣው እስኪያልፍ ይቆማል፣ እኛም እንቆማለን። የአገሩ ሰው ራሱ ተማሮ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ተከታታይ በዓላቸው ነዋሪው ማረጋገጫ ወረቀት እያሳየ ሰልፉን አልፎ እንዲገባ ተሞክሯል። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ለመሄድ ወረቀት ሲያሳይ አስቡት!

በመስመሩ መሃል፣ ባሕሩ ዳር፣ ካማኩራኮኮማኤ የሚባል ጣቢያ አለ። እዚያ አጠገብ ያለው የባቡር ማቋረጫ እ.ኤ.አ. በ1993 መታየት የጀመረው ስላም ደንክ የተባለ የቅርጫት ኳስ ካርቱን መግቢያ ላይ ስለታየ፣ ሰው ከታይዋንና ከቻይና ድረስ ለዚያ ማቋረጫ ይመጣል። መንገድ መሃል ይቆማል፣ ጥበቃው ያስወጣዋል፣ ተመልሶ ይቆማል። ከፊቱ የተዘረጋውን ባሕር ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ታላቁ ቡድሃስ? እሱ እንኳ አለ። ከ11 ሜትር በላይ ቁመት፣ 120 ቶን ያህል ነሐስ ነው፤ የትም አይሄድም። የሌለው ቤቱ ነው። አዳራሹን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ማዕበል ወሰደው ይባላል፤ መልሶ የሠራለት አልተገኘም። እሱም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይመታዋል።

ኤኖሺማ ደሴት ላይ ደግሞ ደረጃው አለቀ ሲሉት ይጀምራል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1959 ኤስካሌተር ተሠራለት። በገንዘብ ነው። ይሁን። ግን ወደ ላይ ብቻ ነው፤ መውረጃ የለም። ጉልበት የሚንቀጠቀጠው ሲወርዱ መሆኑን ለሠሪዎቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማዶ ወርደን ዋሻውን እንይ ስንል፣ ማዕበሉ ስለበረታ ዝግ ነው። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድሩ የተካሄደው በዚህ ደሴት ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አይቷል። እኛ የአበበ አገር ልጆች ደረጃው ግማሽ ላይ ቁጭ ብለን ትንፋሽ እንለምናለን።

ይህ ሁሉ ሆድ ሳይጠየቅ ነው።

ካማኩራ ውስጥ ኮማቺ በሚባለው መንገድ ሻጩ ምግቡን እንጨት ላይ ሰክቶ ወይም በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠናል። በእጅ የሚያዝ፣ እየሄዱ የሚበላ ነገር ነው። እየሄዱ መብላት ግን አይወደድም፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ፣ በተጨናነቀ መንገድ እየተራመዱ መብላት ሌላውን የሚያስቸግር ነገር ተብሏል። ቅጣት የለውም፤ ዓይን ግን አለ። እንቀመጥ ብንል ወንበር የለም። ቆመን እንብላ ብንል የሱቁን በር ዘጋን። እሺ፣ ባሕር ዳር ወስደን እንብላ ብንል ጭልፊት አለ። ልኳንዳ ቤቶቻችን ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት የቅርብ ዘመድ ነው። ከፊት አይመጣም። ከኋላ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣና እጃችን ላይ እንጨቱን ብቻ ትቶልን ይሄዳል። ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ያነበብነው ከተነጠቅን በኋላ ነው። እንጨቱንስ የት እንጣለው? እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን የተባለው መርዝ ከተለቀቀ ወዲህ ብዙዎቹ የቆሻሻ መጣያዎች ከሕዝብ መተላለፊያ ተነሥተዋል። ያልበላነውን ምግብ እንጨት በኪሳችን ይዘን ቶኪዮ ገባን።

የባሕር ምግቡ ነገር ለብቻው ነው። ረጅሙ ሰልፍ ኦክቶፐስ በጋለ ብረት መሃል እስኪሳሳ ተጨፍልቆ የሚሸጥበት ቤት ነው። ያ ሁሉ ሰዓት ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ ክንፍና ቅርፊት የሌለው እንደማይበላ ያስታውሳል። አሁን? ሰልፉ መጀመሪያ ላይ የት ነበርክ?

የአካባቢው ኩራት ግን ሺራሱ ነው፤ ከነነፍሱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከጣት አንጓ የማይበልጥ የዓሣ ጫጩት። ሩዝ ላይ ይከመራል፣ ዝንጅብል ይደረግበታል፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይን ወደ በላተኛው ያያል። ጥሬ ሥጋ ስናወራርድ ያደግን ሰዎች ጥሬ ዓሣ ስናይ ፊታችንን ማጨማደዳችን ያስቃል፤ ቢሆንም ቆርጠን ገባን። ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ባለው ደብተር ስማችንን ጻፍን፣ ስማችን በአገሩ አጠራር ተጠርቶ ሳናውቀው አለፈን፣ እንደገና ጻፍን። ከገባን በኋላ ነው ወረቀቱን ያየነው። ጥሬው ዛሬ የለም።

ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ እሱ ነው የሚያናድደው። ጥሬው የሚበላው በተያዘበት ቀን ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባ አይወጣም፤ ጀልባ ካልወጣ የለም። በሳጋሚ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ መጋቢት 1 ድረስ ሺራሱ ማጥመድ ክልክል ነው፤ ይራባ ተብሎ። ታዲያ የፍስኩ ወራችን፣ ከገና እስከ ሁዳዴ መያዣ፣ ከዚሁ ክልከላ ጋር ይገጥማል። መጋቢት 2 ሲፈቀድ እኛ ሁዳዴ ውስጥ ነን፤ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ካማኩራ ድረስ ይዘነው መጥተናል። ፋሲካ ሲያልፍ ያ የሚያዝያ መጨረሻ በዓላቸው ከተፍ ይላል፣ ባቡሯ አትቀመስም። ሰኔ ዝናባቸው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዋናተኛው ዳርቻውን ይይዘዋል። መስከረም አውሎ ነፋሱ ይመጣል፣ ጀልባው ይታሰራል።

እንግዲህ የምትሄዱ ካላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ፣ በማለዳ ተነሡ፣ ፌስታል ያዙ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ብሉ። ጥሬውን ሺራሱና ጥርት ያለውን ፉጂ በአንድ ቀን ያገኛችሁ እንደሆነ ግን፣ እባካችሁ ፎቶውን አትላኩልን።