መላሽ ያጣች ጀበና

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝ እንጂ! መላሽ ከሌለ ተረት አይሄድም፤ ይህ ደግሞ መላሽ ስላጣች ጀበና የሚወራ ነው።

ጀበናዋ የቀጨኔ ልጅ ናት። ከሸክላ ሠሪዎቹ እጅ ወጥታ ጉለሌ አንዲት እናት ቤት ገባች። ከሰል ላይ እየተጣደች ጠቆረች፤ ከአቦል እስከ በረካ የሰፈሩን ሐሜት፣ የዕቁቡን ዕጣ፣ የልጆቹን ፈተና ስትሰማ ኖረች። እዚያ ቤት ቡና ሲቆላ ጠሪ ብዙም አያስፈልግም ነበር፤ ጭሱ አጥር ዘሎ ይጠራል። ጭሱ ያልደረሰበት ቤት አንድ ሕፃን «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ብሎ ይሮጣል።

የእናትየዋ ልጅ ዲቪ ሲደርሰው ጀበናዋም አብራ ተነሳች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱን በርበሬና ሽሮ ሞላው፤ እሷን በጋቢ ጠቅልለው ሌላው መሃል ወሸቋት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርስ አንገቷ እንኳ አልተጫረም። ከረከቦቷና ከስድስት ስኒዎቿ ጋር ፍሪጅ አናት ላይ ወጣች። እዚያው ሦስት ዓመት ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ሳምንት «ቡና ጠጡ!» ብላ ነበር። ቀና ያለው ማይክሮዌቩ ብቻ ነው።

«እዚህ እንደሱ አይባልም» አላት። «እኔን እዪኝ። ለአንድ ሰው አንድ ሳህን፣ ሁለት ደቂቃ። ስጨርስ ጢጥ ጢጥ እላለሁ።»

«ጢጥ ስትል ማን ይመጣል?»

«እሱ ነዋ።»

«ሌላስ?»

ማይክሮዌቩ ጥያቄው አልገባውም። ፍሪጁ ከሥሯ አጉረመረመ፤ እሱ እንኳን ለእንግዳ ለወጥም ሙቀት የለው። ከክፋት አይደለም፣ ሥራው ነው።

ልጁ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። በብርዱ ወራት እዚያና አዲስ አበባ የ8 ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሲነቃ ጉለሌ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኖ እናቱ ተኝታለች። እሷ ስትደውል ደግሞ እሱ መኪና ያቆማል። የድምፅ መልእክት ይላላካሉ። ጀበናዋ የእናትየዋን ድምፅ ከስልኩ በሰማች ቁጥር የምትጠራ እየመሰላት ትደነግጣለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የጠፋበት አገር እንዳይመስላችሁ። እንጀራው በየሱቁ አለ፣ አማርኛው መንገድ ላይ ይሰማል። ግን ሐበሻ ሐበሻን አሳንሰር ውስጥ ሲያገኝ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። «መቼ መጣህ? ወረቀት ጨረስክ? የት ትሠራለህ? ስንት ይከፍሉሃል?» የሚለውን ምርመራ ይፈራል። እኔ አልፈርድበትም፤ ሁለት ሥራ የሚሮጥ ሰው ለሰላምታም አቅም ያጥረዋል። ጀበናዋ ግን ትፈርዳለች። ሸክላ ናት፣ የቤት ኪራይ አትከፍልም።

የገና ዕለት፣ ማለትም እዚያ አገር ተራ የሥራ ቀን፣ ልጁ ጠዋት ከሥራ ገብቶ እንቅልፍ እምቢ አለው። ጀበናዋን አወረዳት። አቧራዋን በአውራ ጣቱ ሲጠርገው ጥቁረቷ ብቅ አለ። ውሃ ሞልቶ ጣዳት፤ ቡናውን መጥበሻ ላይ መቁላት ጀመረ። ፍሬው ተንጣጣ፣ ወዛ። ጭሱ እንደ ልማዱ ጎረቤት ሊጠራ ተነሳ።

አጥር አልነበረም፤ ኮርኒስ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ያለው አላርም ጮኸ። ልጁ በፎጣ አራገበ፣ አልሆነም። ጭሱ እንዲወጣ ብሎ የኮሪደሩን በር ከፈተ። ስሕተቱ ይኸው ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ታላቅ ወንድምየው አላርም ተሰቅሏል፣ እሱ ሲጮህ ሕንፃው በሙሉ ይጮሃል።

ምድጃውን አጥፍቶ ወረደ። በረዶው ላይ ሰው ሁሉ ፒጃማ ለብሶ፣ ልጅ ታቅፎ፣ አንዱ ድመቱን ይዞ ቆሟል። እሳት አደጋው እያንባረቀ መጣ። በዚያ ሕንፃ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጋቢ የደረቡ አንዲት እናት ወደ ልጁ ተጠጉና ጃኬቱን አሸተቱ።

«የማነው ቡና?»

«የኔ ነው እማማ። ይቅርታ።»

«ይቅርታህን ተወው። አረረ ወይስ ደርሷል?»

ከእሱ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት፤ የልጃቸውን ልጆች ሊይዙ ከመጡ አራት ዓመታቸው። ከኋላቸው የነርስ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሳቀች።

«ሐበሻ መሆንህን አውቅ ነበር» አለችው። «አሳንሰር ውስጥ ስልኬን የማይ እመስል ነበር።»

«እኔም» አላት።

ጀበናዋ ይህን ሁሉ በመስኮት አየች። አላርሙ ከኮርኒሱ፣ «አየሽ፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አላት። አልካደችም። «ጠራህ፤ አሁን ምን ታቀርብላቸዋለህ?» ብቻ አለችው።

በማግስቱ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ በበሩ ሥር ገባ፦ ይህ ከተደገመ ቅጣት አለ። ቅዳሜ እማማ ከአገር ቤት ተቆልቶ የተላከላቸውን ቡና በፌስታል ይዘው ወረዱ። ነርሷ ከአዳር ሥራ በቀጥታ መጣች፤ በቶናው ላይ አንቀላፋች፣ ለበረካ ቀሰቀሷት።

ስኒዎቹ ስድስት ናቸው። የታጠቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እስካሁን አቧራቸውን እንደያዙ ፍሪጁ አናት ላይ ተደፍተዋል።