ውዳሴ ሞኝነት

ብልህ ፕሮግራመር የሚጨነቀው ልክ የሆነው ኮድ እንዲፈጥን ነው። ሞኙ ደግሞ ከተሳሳተው ኮድ ጋር ይቀመጣል። ኮዱ አልሠራም፤ እንዳለ ቢተውም አይሠራም። እሱ ግን «ያልሠራበትን ምክንያት ለጻፈው ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው?» እያለ ሌሊቱን ያነጋል። ይህን ሞኝነት ከልቤ ላወድሰው ነው።

አሳይታ ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማር አንድ ወጣት አለ እንበል። አፉን የፈታው በአፋርኛ ነው፣ አማርኛ ይችላል፣ የስህተት መልእክት የሚመጣለት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አራተኛው መስመር ላይ ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ አለፈ። የቀድሞው ፓይተን አምስተኛውን መስመር እያመለከተ «አገባቡ ልክ አይደለም» ይለው ነበር። ኮዱን የሚያነበው ክፍል፣ ፓርሰሩ፣ ቅንፉ እስኪዘጋ ድረስ ቀጣዩን መስመር የዚያው ሐረግ ተከታይ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ግራ የሚገባው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ወጣቱም ምንም ጥፋት የሌለበትን መስመር ሲሰርዝና ሲጽፍ ይውላል።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ፓይተን 3.10 ግን አራተኛውን መስመር ጠቁሞ «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ይላል። እያንዳንዱ ቅንፍ የተከፈተበትን ቦታ ይዞ ይጓዛልና። ሞኝነቱ በዚህ አያበቃም። ፓርሰሩ ኮዱን መጀመሪያ በፍጥነት ያነባል። ከተሰናከለ ብቻ ሰዎች ዘወትር የሚሳሳቱባቸውን አጻጻፎች የሚያውቁ ተጨማሪ ደንቦችን ይዞ እንደገና ያነባል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለስህተት ሰዋስው ጽፏል ማለት ነው! ልክ የጻፈ ሰው በዚህ የሚከፍለው ዋጋ የለም፤ ድካሙ ሁሉ ለተሳሳተው ነው። ነጠላ ሰረዝ የጎደለ ሲመስለውም «ረስተህ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ደግ አድርጓል፤ በእርግጠኝነት የተነገረ የተሳሳተ ምክር ከዝምታ ይብሳል።

ኤልም የተባለውን ቋንቋ የፈጠረው ኢቫን ቻፕሊኪም በ2015 (እ.ኤ.አ.) የዚሁ ሞኝነት ሰባኪ ነበር፤ ራስት የተባለው ቋንቋም ከእሱ ተምሯል። ራስት ሴሚኮሎን የሚመስለውን የግሪክ የጥያቄ ምልክት ሲያገኝ፣ መልኩ ቢመሳሰልም ሌላ ምልክት እንደሆነ ለይቶ ይናገራል።

እኛ ጋ የቀረው ይኸው ነው። ያ ወጣት ለጓደኛው በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ ወደ ኮዱ ከተመለሰ፣ በኮለን ፋንታ የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) ሊገባበት ይችላል። ዓይን ሁለቱን አይለይም። ፓይተን ምልክቱ እንደማይፈቀድ ተናግሮ የዩኒኮድ ቁጥሩን፣ 1361ን፣ ይሰጠዋል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ለጀማሪ ግን ምን ይፈይድለታል? «ይህ የግዕዝ ሁለት ነጥብ ነው፤ ኮለን ጻፍ» ቢለው በደቂቃ ይነሣል። ነጠላ ሰረዛችንና ድርብ ሰረዛችንም እንዲሁ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲም ይሁን አዲስ አበባ፣ እነዚህን ጥቂት ምልክቶች በሠንጠረዥ አስፍሮ ለፓይተን ሰዎች የሚልክ አንድ ሞኝ እፈልጋለሁ።