ሺህ ዓመት ይሰብስቡልን

«ጋሼ፣ ቦርዱ ሲሰበሰብ ይታያል።»

ይህን የምትለኝ የውሃ አገልግሎት መስኮት ላይ የምትቀመጥ ትሁት ልጅ ናት። ከተማዬ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላምና ከዚያም ወዲያ በአስፋልቱ ዳር ከተኮለኮሉት አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፤ ቆጣሪዬን የሚያነበው ሰው ሰፈራችንን ያውቃታል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ የሚተፋው አየር ነው፣ ቆጣሪውም አየሩን እንደ ውሃ ይቆጥረዋል ብዬ አቤት ስል፣ ቦርዱ ሲሰበሰብ ይታያል። ፈረቃችን ሳይነገረን ለምን ተለወጠ ስል፣ ቦርዱ ሲሰበሰብ። ታዲያ መቼ ነው የሚሰበሰበው ያልኩ ዕለት ልጅቱ ከልቧ አዘነችልኝ። «እሱንም ቦርዱ ነው የሚወስነው» አለች።

ሰው ሁሉ ቦርዱን ሲያማ ስለሰማሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ሊያመሰግነው ይገባል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በከተሞቻችን የመጠጥ ውሃ የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት እንደ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት አይደለም። የራሱ ገቢ፣ የራሱ ሒሳብና የራሱ ሥራ አመራር ቦርድ ያለው፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የቆመ ትንሽ መንግሥት ነው ማለት ይቻላል። ቦርዱን እንደተለመደው ከንቲባው ይሰበስቡታል፤ የገንዘቡ፣ የጤናው፣ የትምህርቱ ኃላፊዎች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ በጸሐፊነት ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። የደንበኞች ተወካይም አለ ይባላል። እኔ ተወካዬን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም፤ ሳንደፋፈር ተከባብረን እንኖራለን።

አደረጃጀቱ እንከን አይወጣለትም። አባላቱን ደንበኛው ቢመርጥ ኖሮ ስለ ውሃ የሚያውቅ፣ ወይም ውሃ የጠማው፣ ወይም እግዜር አያድርስና ጊዜ የተረፈው ሰው ሊገባበት በቻለ ነበር። አሁን ግን ወንበሩ የሹመቱ ምርቃት ነው። የጤናው ኃላፊ ስለ ፓምፕ ጥቂት ነገር በገባቸው ማግስት ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራሉ፤ የሚተኳቸው ከሀ ሁ ይጀምራሉ። በዚህ ምክንያት ቦርዳችን ሁልጊዜ ያልተበረዘ፣ አንዳች ልምድ ያልነካው፣ ድንግል ቦርድ ሆኖ ይኖራል።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት የእኛን ሰብሳቢ ስላላዩ ነው። እሳቸው ሃምሳውንም ለብቻቸው ይሸከሙልናል። የውሃው ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው። የሆስፒታሉም ቦርድ ጉዳይ እሳቸው ዘንድ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም እንዲሁ። የእግር ኳስ ክለቡ የበላይ ጠባቂ ናቸው። የመንገድ ሥራ አስተባባሪ ኮሚቴ ቢቋቋም ሰብሳቢው ማን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ አይገኝም። እሳቸውን ከዚህ ሁሉ በላይ ሆነው ይቆጣጠሩ የተባሉትም የከተማው ከንቲባ፣ ማለትም እሳቸው ናቸው።

የዚህ ትልቅ ጥቅሙ የደብዳቤ ልውውጥን ማቀላጠፉ ነው። እስቲ አስቡት። አንድ ቀን ማለዳ ከንቲባው ከቤታቸው ሲወጡ የሰፈሩ እናቶች ጄሪካን ደርድረው መንገድ ዘግተው ይጠብቋቸዋል። ቢሯቸው እንደገቡ ተቆጥተው ያስጽፋሉ። ለውሃ አገልግሎት ሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ፤ ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ። ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል፣ ጸሐፊያቸው የወጪ ቁጥር ትሰጠዋለች። ደብዳቤውን ከጠረጴዛዋ ግራ ወደ ቀኝ ታሻግርና የገቢ ቁጥር ሰጥታ መልሳ ታስገባላቸዋለች። ሰብሳቢው አንብበው ፊታቸው ይቀላል። ማነው ደግሞ በዚህ ድፍረት የሚጽፍልኝ? መልሱ በዚያው ቀን ይወጣል፦ በቁጥር እንዲህ፣ በቀን እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ ማብራሪያ መጠየቃችን ቅር አሰኝቶናል፤ ችግሩ የበጀት ሲሆን በጀቱን የሚያጸድቀው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት መሆኑን በትሕትና እናስታውሳለን። ግልባጭ ለሆስፒታሉ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለኮሌጁ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለእግር ኳስ ክለቡ የበላይ ጠባቂ።

ግልባጩ ነገር ያባብሳል። የሆስፒታሉ ሰብሳቢ ማዋለጃ ክፍላቸው ውሃ በጋሪ እየገዛ መሆኑን ገልጸው ከከንቲባው ጎን ይቆማሉ። የኮሌጁ ሰብሳቢ ጉዳዩ አይመለከተኝም ይላሉ። የክለቡ የበላይ ጠባቂ ተጫዋቾቹ ከልምምድ በኋላ ገላቸውን የሚታጠቡበት አጥተው ለሁለቱም ወገን የቅሬታ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከንቲባው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ሰብሳቢው ማስጠንቀቂያውን ተቀብያለሁ ብለው አይፈርሙም። በአንድ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ይቋረጣል። መስታወት ፊት ሲቆሙ ይኮራረፋሉ።

ይሄኔ የአገር ሽማግሌ ይገባል። አገሩ ጎጃም ነው፣ ሳይታረቁ መኖር ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው ግራና ቀኙን ያያሉ፤ ግራም ቀኝም አንድ ሰው ሆኖ ያገኙታል። አንተም ተው፣ አንተም ተው ይሏቸዋል። ካሣ ይቆረጣል፤ ከአንዱ ኪሳቸው አውጥተው ሌላው ኪሳቸው ይከታሉ። ዋስ ጥሩ ሲባሉ ሆስፒታሉን ይጠራሉ። ጉልበት ስሞ ይቅርታ የመጠየቁ ሥርዓት ብቻ ለአካል ብቃት ሲባል ይቀራል። ለዕርቁ ጠላ መጠመቅ ነበረበት፤ ውሃ ስላልነበረ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ዓመቱ ሲያልቅ ግምገማ ይመጣል። ለእኔና ለእናንተ ሂስና ግለ ሂስ ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም ያማል። ለሰብሳቢያችን ግን አንድ ናቸው። ሌላውን ሲተቹ ራሳቸውን መተቸታቸው ነው፤ ራሳቸውን ሲያመሰግኑም ሦስት ቦርድና አንድ ክለብ ያመሰግናሉ። አፈጻጸማችን በጥንካሬ የሚታይ፣ ጥቂት ጉድለቶች ያሉበት ሆኖ ተገኝቷል።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ራሱን የሚቆጣጠር ሰው ቁጥጥር የለበትም፤ ገንዘቡም የእሱ አይደለም።

የማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ከተጠቃሚው እንዲመልስ፣ የገጠሩ ደግሞ ቢያንስ የማስኬጃና የጥገናውን እንዲሸፍን አስቀምጧል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነፃ ውሃ ማለት ብዙ ጊዜ የተበላሸ ፓምፕ ማለት መሆኑን አይተናል። ግን ወጪውን ተሸከም የተባለ ሰው አብሮ ቁልፉን ሊያይ ይገባል። የናፍጣው፣ የኤሌክትሪኩ፣ የኬሚካሉ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ደመወዝ፣ የስብሰባው አበል ሳይቀር ከእኔና ከጎረቤቴ ቢል ይወጣል። ሒሳቡ ግን አደባባይ አይወጣም።

የቀሩትን በረከቶች ቶሎ ቶሎ ልቁጠር። አባል ሌላ ስብሰባ ሲኖርበት ተወካይ ይልካል፤ ተወካዩ አስተያየት እንጂ ውሳኔ መስጠት አልችልም ይላል፤ ስብሰባው በአስተያየት ያልፋል። ታሪፍ ሲጨመር ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ ይገኛል። የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሐይቅ ወዳለበት ከተማ ይደረጋል፣ ውሃ ምን እንደሚመስል ለማየት።

በአማራ ክልል ያለው ጦርነትና የመንገድ መዘጋት እነዚህን መሥሪያ ቤቶች እንደጎዳቸው አልክድም። ኬሚካል በጊዜ አይደርስም፣ ለተቃጠለ ሞተር ባለሙያ አይገኝም። ለዚህ ሠራተኛውን የሚወቅስ ግፈኛ ነው። «ቦርዱ ሲሰበሰብ» የሚለው መልስ ግን ከጦርነቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ መንገዱ ወለል ብሎ ክፍት በነበረ ጊዜም ስንሰማው ኖረናል።

ማሻሻያ አልተሞከረም እንዳትሉ። ስም ተቀይሯል። በፌዴራል ደረጃ የውሃ ሀብት ሚኒስቴር የነበረው የውሃና ኢነርጂ ሆነ፤ ቀጥሎ መስኖ ገባበትና የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ተባለ፤ በ2014 መስኖ ወጣለትና ተመልሶ የውሃና ኢነርጂ ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ ማኅተም ይቀረጻል፣ ታፔላ ይጻፋል፣ መኪና ላይ ያለው ጽሑፍ ይፋቃል። የከተማ ስምም ይቀየራል፤ ወጀት ፍኖተ ሰላም የተባለችው ንጉሡ በ1933 ከስደት ሲመለሱ ነው ይባላል፤ ያ ቢያንስ ጠላት የወጣበት ዘመን ነበር። ከሚኒስቴሩ የወጣው ግን መስኖ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉትማ ጉድ ናቸው። ሆላንዶች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የውሃ ቦርድ አላቸው፤ ዛሬ 21 ናቸው። ግብር ያስከፍላሉ፣ ግድብና ቦይ ይጠብቃሉ፣ አብዛኛውን የጉባኤ አባል በየአራት ዓመቱ ሕዝቡ በካርድ ይመርጣል። ምክንያታቸው ጥቅም ያለው ይክፈል፣ የከፈለ ይናገር የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተቋቋሙ የአካባቢ መንግሥታት ከ38,000 ይበልጣሉ፤ ለውሃ፣ ለእሳት አደጋ፣ ለመካነ መቃብር፣ ለትንኝ መከላከያ ጭምር። እዚያም ምርጫው ዕለት ብዙ ሰው ዝር ስለማይል ጥቂት ሰዎች ወንበሩን እንደ ርስት ይዘውት ይቀራሉ እየተባለ ይጮኻል። ስለዚህ ምርጫ ብቻውን ተአምር ይሠራል አልልም። ግን አሜሪካዊው ስለ ትንኝ እንኳ የሚከሰው ሰው አለው። እኔ ስለምጠጣው ውሃ የለኝም።

ደግሞ ለዚህ ሆላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከአስፋልቱ ወረድ ማለት ይበቃል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ምንጭ ሲጎለብት ወይም የእጅ ፓምፕ ሲተከል የውሃ ኮሚቴ ይመረጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የአማራ ክልል የገጠር ውሃ ፕሮግራም፣ ኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ብዙዎች ያልደፈሩትን አደረገ። የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለእነዚሁ ኮሚቴዎች ሰጠ። ሲሚንቶ የገዛው፣ ግንበኛ የቀጠረው፣ ደረሰኝ የያዘው ገበሬው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ ኮሚቴ ሒሳቡን ሲያወራርድ አይቻለሁ። ገንዘብ ያዧ ሴት ናት። የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፣ ብሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ የማን ቤት ከፍሎ የማን እንዳልከፈለ ያለ ወረቀት ጠራች። አንዱ ጎልማሳ መልስ አልደረሰኝም ብሎ ሊከራከር ሲል፣ «ለሚስትህ መልሼ የሰጠኋትን ዝርዝር ጠይቃት» አለችው፣ ተቀመጠ። የፓምፑ ጎማ አልቆ እንደሆነ፣ ጠባቂው በሩን በስንት ሰዓት እንደከፈተ፣ የማን በሬ አጥሩን እንደጣሰ የማያውቅ አልነበረም። ኮሚቴው ሥራ የሚሠራው ተቆጣጣሪ አካል ደንብ ላይ ስለተጻፈለት አይደለም። ነገ ገንዘብ ያዧም ከዚያው ፓምፕ ትቀዳለች።

መስኖውም ቢሆን ያው ነው። ቦይ ጠልፈው የሚያጠጡ ገበሬዎች የውሃ አባት ይሾማሉ፤ ተራ ያዛባ የውሃ አባት በሚቀጥለው ዓመት የውሃ አባት አይሆንም። በመራዊ አጠገብ በቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተወጠነው መስኖ ከመጣ ወዲህ ውሃውን በየቦዩ የሚከፋፍሉት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841ም ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። ማኅበራቱ ጠብ የላቸውም አልልም፤ የቦዩ ጭራ ላይ ያለው ገበሬ ራስጌው ላይ ባለው ላይ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ግን የሚያለቅስበትን ሰው በስም ያውቀዋል፣ ጉባኤም አለው። የሚገርመው፣ ሽንኩርትና ስንዴ የሚያጠጣው ገበሬ አመራሩን ይምረጥ ያለ አገር፣ ልጁን ለሚያጠጣው የከተማ ሰው ይህን ሳይፈቅድ መቅረቱ ነው።

የክልሉ ምክር ቤት ይህን ለመለወጥ ቢሊዮን ብር አያስፈልገውም። ከንቲባ የውሃ ቦርድ ሰብሳቢ አይሁን፤ የሚቆጣጠረውን ደጅ ሆኖ ይቆጣጠር። የቦርዱ አብዛኛው ወንበር ቢል ለሚከፍሉና ቦኖ ተሰልፈው ለሚቀዱ ሰዎች ይሰጥ፣ በየቀበሌው በእጅ ይመረጡ፣ የማይሰበሰብ አባል ይነሳ። የዓመቱ ሒሳብ ከውጭ በመጣ ኦዲተር ይመርመርና ውጤቱ ገበያ መሃል ይለጠፍ። አሁን የተቀመጡት ሹማምንት ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም፤ አብዛኞቹ በሥራ ብዛት የሚናውዙ ናቸው። ከአንዱ ወንበር ብናስነሳቸው ዕረፍት እንጂ በደል አይሆንባቸውም።

ያ እስኪሆን እናንተ የእነዚህ ከተሞች ነዋሪዎች፣ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ በውሃ ቦርዱ ውስጥ እኛን የወከለው ሰው ማን ይባላል? ስሙ ከተነገራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ካልተነገራችሁ፣ ስብሰባው ሳይበተን ምርጫ ይደረግ በሉ።