ዘንቢል ይዞ ፌስታል መሸከም

ገበያ የምወጣው ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ነው። ጎረቤቶቼ «የድሮ ሰው» እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ግን ምን ዋጋ አለው! ባለሱቁ ሹሮውን በፌስታል፣ ጨዉን በፌስታል፣ ሩዙን በፌስታል ይቋጥርና ሁሉንም ሰብስቦ በትልቁ ፌስታል አድርጎ ዘንቢሌ ውስጥ ይከትልኛል። «ኧረ ልጄ ተወው፣ መያዣ አለኝ» ስለው «ምን ችግር አለው እትዬ፣ የፌስታሉን አላስከፍልዎትም!» ይለኛል። ደግነቱ መሆኑ ነው።

እሱንም አልፈርድበትም። ኑሮ ሰውን በጥቂት በጥቂቱ እንዲገዛ አድርጎታል፤ ዘይት በጀሪካን የሚገዛው ስንቱ ነው? የዛሬውን ወጥ የምታቁላላበትን ያህል ብቻ በላስቲክ አስቋጥራ የምትሄደው ትበዛለች። እኛ ልጆች ሳለን ለዘይትም ለላምባም ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንላከው። ጠርሙሱን የሰበረ ልጅ ማታ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል! ዛሬ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ የሚሄድ ልጅ ቢገኝ ጓደኞቹ ይሳለቁበታል።

አዋጅማ መች አጣን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል አይፈቀድም ብሎ ነበር። እስቲ ጉልት ላይ ያለች ሴት 0.03ን በምን ትለካዋለች? በጣቷ? ያው ስሱ ፌስታል እንደሳሳ እስከ ዛሬ ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጭራሹኑ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ውስጡ ያለው ሽንኩርት እንኳ ያን ያህል አያወጣም! አዋጁ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ እኛ ያለንበት መካነ ሰላም እስኪደርስ ፌስታሉ በጭነት መኪና ቀድሞት ይገባል። ከፋብሪካው በር ላይ ቢያስቆሙት እኮ እኔና ባለሱቁ በጨው መቋጠሪያ ባልተነታረክን።

የሚያንገበግበኝ ግን የከብቱ ነገር ነው። የኛ ደጋ ነፋስ የሚምር አይደለም፤ ገበያ በተበተነ ማግስት ፌስታሉ ከአጥር አጥር፣ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲንጠለጠል ይውላል። ከዚያ ግጦሹ ላይ ያርፋል። ጨው ወይም የምግብ ትርፍ ከነካው ላሚቱ ሳታላምጥ ትውጠዋለች። ለበዓል ቅርጫ ገብታችሁ የበሬው ጨጓራ ሲከፈት ቆማችሁ አይታችኋል? ፈርሱ ሲዘረገፍ ከሣሩ ጋር እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ይወጣል፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ አንዳንዱ ቋጠሮው እንኳ ሳይፈታ። ከብቱ አያመነዥከው፣ አያሳልፈው፤ ሆዱ ሞልቶ ከዓመት ዓመት ይከሳል። ባለቤቱ «ዓይን በልቶብኝ ነው» እያለ መድኃኒት ፍለጋ ይንከራተታል። ዓይኑስ የት አለ፣ በሬውን የበላው ፌስታል ነው እንጂ!

ቤት ውስጥም ያው ነው። ክብሪት ተጭሮ ከሰሉ አልያዝ ሲል መጀመሪያ የሚፈለገው ፌስታል ነው። አቦሉ ሳይወርድ ቤቱ በላስቲክ ጭስ ይታፈናል፤ ከዚያ ዕጣን ይጨመርበትና ሽታው ጠፋ ይባላል። ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው ስትስል ብርድ መታት እንላለን።

ድግስማ አይነሳ። ሠርግም ሆነ ተዝካር ወይም ሰደቃ፣ የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ ተቆልፎበት አንዴ የሚጣል ኩባያና የታሸገ ውሃ ይደረደራል። ማን ይጠብ? ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው፤ እኛም ወገባችን አልቋል። በማግስቱ ጊቢውን የምንጠርገው ግን እኛው ነን።

አሁን ደግሞ «ከፌስታል ይሻላል» ተብሎ ጨርቅ መሳይ ከረጢት መጥቷል። ስታዩት ጨርቅ ነው። ወደ እሳት ጠጋ አድርጉትና ቅልጥ ሲል እዩት፤ እሱም ፕላስቲክ ነው። ይኸኛውን ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ነው የምንገዛው!

ሐምሌ ሲገባ የመንገዱ ዳር ዲች በፌስታል ይደፈንና ጎርፉ በየደጃችን ይዞራል። ሲለቅለት ያን ሁሉ ጠራርጎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከኛ ደጋ የሚወርድ ውሃ ደግሞ መድረሻው ዓባይ ነው። ለሕዳሴ ግድቡ ከጉሮሯችን ቀንሰን ቦንድ ገዝተን ነበር፤ ፌስታሉን እንኳ በየክረምቱ በነፃ እንልክለታለን።